ከመሰንቆ ወደ ሸምበቆ፤ ስለ አቶ ጌታቸው መኩሪያ የሙያ ሕይወትና ስለ ክላርኔት ወደ አገራችን አገባብ

የዜማ መሣሪያ አባት የላሜሕ ልጅ ኢዮቤል እንደ ሆነ፥ ወንድሙ ያባል የከብት አርቢዎች፥ ቱባልቃይንም የብረት ሠሪዎች አባት እንደ ሆኑ በኦሪት ተጽፎ እናነባለን። ሦስቱ ሙያዎች በአንድ አባት ቤት ተወልደው ሳሉ በአገራችን ግን ዕድላቸው እኩል አልሆነም። ከብት አርቢው ባለጸጋ ተብሎ ሲከበር፥ ብረት ቀጥቃጩና መሰንቆ መቺው ከደጅ ቆመው ኖሩ። ቀጥቃጩ ባይኖር ገበሬ በምን ማረሻ ያርስ እንደ ነበር፥ መሰንቆ መቺውም ባይኖር የሠርግ ቤቱና የጦር ሰፈሩ ምን ይመስል እንደ ነበር የጠየቀ ጥቂት ነው። ይህም አስተያየት በሊቃውንት ዘንድ ሳይቀር ሥር ስለ ሰደደ፥ የነገሥታትና የመሳፍንት፥ የጳጳሳትና የመምህራን ታሪክ በብራናና በወረቀት ሲጻፍ፥ የዜማ መሣሪያ ባለሙያ ታሪክ ግን ከባለቤቱ ጋራ አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የአንድ ባለሙያ ታሪክ ለማቅረብ አስበናል። ይህም ሰው አቶ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሄደ ሰው የመንዝ ደጋ በሚያልቅበት አፋፍ ላይ ሲቆም ቁልቁል የሚያየው አገር ይፋት ነው። አቶ ጌታቸው የዚያ አገር ልጅ ናቸው። ክላርኔትና ሳክስፎን ይዘው በአዲስ አበባ የሙዚቃ ጓዶች ውስጥ ከልጅነት እስከ ሽምግልና አገለገሉ። ታሪካቸውን የምንጽፈው ጎረቤት ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም። እንግዳ መሣሪያ ይዞ የአባቶችን ቃል መናገር ይቻላልን? ወይስ መሣሪያው ቃሉን ይውጠዋል? የሚለው ጥያቄ በእርሳቸው ሕይወት ውስጥ ተፈትኖ መልስ ያገኘ መስሎ ስለሚታየን ነው።

አስቀድመን ግን መሣሪያው ምን እንደ ሆነ እንናገር። ክላርኔት ከጥቁር እንጨት የሚሠራ፥ ርዝመቱ ክንድ ከስንዝር የማያንስ፥ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። እንጨቱም በአፍሪካ ደረቅ ቈላዎች፥ በእኛም አገር ሳይቀር የሚበቅለው ዞጲ ነው። በአፉ ላይ አንዲት ስስ የሸምበቆ ቅራፊ ትታሰራለች፤ ነፊው በታችኛው ከንፈሩ ደገፍ አድርጎ እፍ ሲልባት ትንቀጠቀጣለች፤ ከእርስዋም መንቀጥቀጥ ድምፅ ይወለዳል። የእኛ እረኛ ዋሽንትም ከሸምበቆ ነው፤ ነገር ግን ዋሽንት አካሉ ሸምበቆ ሲሆን ምላስ የለውም፤ ትንፋሹ በአፉ ጠርዝ ላይ ተሰብሮ ነው የሚያዜመው። ክላርኔት ደግሞ አካሉ ዞጲ፥ ምላሱ ሸምበቆ ነው። የሁለቱ ልዩነት ይህ ነው። ክላርኔትን ከቀደመ መሣሪያ አሻሽሎ የሠራው በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ የኖረ ዮሐን ክሪስቶፍ ዴነር የተባለ ጠቢብ ሲሆን ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1700 ዓመት አካባቢ ነው። ሳክስፎን የሚባለውም የክላርኔት ዘመድ ነው። አዶልፍ ሳክስ የተባለ የቤልጅግ ሰው፥ እርሱ ራሱ ክላርኔት ነፊ የነበረ፥ ይህንኑ የሸምበቆ ምላስ በነሐስ አካል ላይ አስሮ አዲስ መሣሪያ አወጣ፤ በ1846 በአውሮፓውያን ዘመን የባለቤትነት ፈቃድ ተቀበለበት። ስለዚህ ክላርኔት የተማረ ሰው ሳክስፎን መያዙ፥ ሳክስፎን የያዘም ክላርኔት መንፋቱ የተለመደ ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች ወደ አገራችን የገቡበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ የድል፥ ሁለተኛው የኀዘን መንገድ ነው።

የድሉ መንገድ እንዲህ ነው። በቀድሞው ዘመን በነገሥታት ፊት የሚነፋው መለከትና እምቢልታ፥ የሚጐሰመውም ነጋሪት ነበር። በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ከሆነ በኋላ የሩስያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒቆላዎስ ለዳግማዊ ምኒልክ ወዳጅነታቸውን ለመግለጽ 40 ያህል የሙዚቃ መሣሪያዎች ላኩ፤ መምህርም ተከትሎ መጣ። በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት እንደ አውሮፓ ሥርዓት የሰለፍ ሙዚቃ መነፋት የጀመረው በዚህ ነው። ኢትዮጵያ በጦር ሜዳ አሸንፋ ከነጻ መንግሥታት ተርታ ስትቆም፥ ነጻ መንግሥታት እንግዳ የሚቀበሉበት ሙዚቃ አብሮ መጣላት ማለት ነው።

የኀዘኑ መንገድ ደግሞ እንዲህ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1915 የኦቶማን ቱርክ መንግሥት በአርመን ሕዝብ ላይ ታላቅ እልቂት አደረሰ። አርመኖች በሃይማኖት እኅታችን የሆነች የጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ልጆች መሆናቸውን አንባቢ ያውቃል። ከዚያ እልቂት የተረፉ ሕፃናት በየአገሩ ተበተኑ፤ ከእነርሱም በኢየሩሳሌም ባለው የአርመን ገዳም የተጠጉ ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ እነዚያ የሙት ልጆች የትንፋሽ መሣሪያ ይዘው ሲያዜሙ ሰሙ፤ አዘኑላቸውም፤ በሙያቸውም ደስ አላቸው። ከገዳሙ አለቆች ጋራ ተነጋግረው 40 ልጆች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ አደረጉ። ልጆቹም ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡ አርባ ልጆች አላቸው፤ እስከ ዛሬም ስማቸው ይኸው ነው።

መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላል። ለኢትዮጵያ የመንግሥት መዝሙር ዜማ የደረሰው እርሱ ነው፤ ቃሉን የደረሱት ደግሞ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። መዝሙሩም ከ1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዓለ ንግሥ ጀምሮ ንጉሣዊው መንግሥት እስኪያልፍ ድረስ አገለገለ። በዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባናል። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ በጎጃም በደብረ ኤልያስ የተወለዱ፥ በቅኔ ቤት ያደጉ ሊቅ ነበሩ። ስለዚህ ያ መዝሙር የአንድ ስደተኛ አርመን ዜማና የአንድ የቅኔ ተማሪ ቃል ተጋብተው የወለዱት ነው። የቅኔ ቤት ልጅ ነሐስና ሸምበቆ ይዘው የመጡትን እንግዶች አልሸሸም፤ ቀርቦ ቃል ሰጣቸው። እንግዶቹም ቃሉን ተቀብለው አዜሙት። ቃል የሰጠ ሰው ባይኖር ኖሮ የአርባ ልጆች ዜማ የሌላ አገር ዜማ ሆኖ በቀረ ነበር።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ የዚህ ሁሉ ሥራ ተቋረጠ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ግን የክብር ዘበኛ፥ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓዶች እንደገና ተቋቋሙ፤ ተስፋፉም። አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የተባለ ፖላንዳዊ የቫዮሊን ባለሙያ በክብር ዘበኛ፥ የኬቮርክ ዘመድ ኔርሰስ ናልባንዲያንም በማዘጋጃ ቤት፥ በኋላም በቴአትር ቤት ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስተማሩ። ኔርሰስ ናልባንዲያን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1915፥ የወገኖቹ እልቂት በጀመረበት ዓመት የተወለደ፥ በ1977 ያረፈ ሰው ነው። ታሪካቸውን የምንጽፍላቸው ባለሙያ ያደጉት በእነዚህ መምህራን ዘመን ነው።

አቶ ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. በይፋት ተወለዱ። ዕለቱ የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓለ ዕረፍት ነው። ከተወለዱ ብዙም ሳይቆይ ጠላት አገሩን ወረረ፤ ይፋትና መንዝም የአርበኞች ምድር ሆኑ። በእነዚያ አምስት ዓመታት ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች አርበኞች በዚህ በሸዋ ደጋና ቈላ እየተዘዋወሩ ሲዋጉ፥ ሽለላና ቀረርቶ ለሠርግ ማሞቂያ የሚባል ጨዋታ አልነበረም፤ ሰው ወደ ሞት የሚሄድበት ቃል ነበር። በዚያ ዘመን በይፋት የነበረ ሕፃን የእናቱን እሹሩሩ በሚሰማበት ጆሮ የሽለላ ድምፅ መስማቱ የማይቀር ነው። ይህን አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ የሚሆነው ሁሉ ከዚህ ጋራ የተያያዘ ነውና።

ጌታቸው በልጅነታቸው የያዙት መሣሪያ ክራርና መሰንቆ ነበር። ኋላ ክላርኔትና ሳክስፎን ተማሩ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ፥ በ1941 ዓ.ም. ገደማ፥ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ተቀጠሩ። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የ25 ዓመት የዘውድ በዓል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ ማለት የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፥ በተከፈተ ጊዜ ወደዚያ ተዛወሩ። ዐሥር ዓመት ያህል በዚያ ካገለገሉ በኋላ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ገቡ። እንግዲህ የኦርኬስትራ ሰው ሕይወት እንዲህ ነው፤ ቀን ልምምድ፥ ማታ ትርኢት፥ በበዓል ቀን ሰልፍ፥ እንግዳ ሲመጣ መቀበያ፥ የተከበረ ሰው ሲሞት ሽኝት። ነፊው በብዙዎች መካከል አንድ ነው፤ ስሙ አይጠራም፤ የተሳሳተ እንደ ሆነ ብቻ ይታወቃል።

አቶ ጌታቸው ስማቸው ተለይቶ እንዲጠራ ያደረገው ሥራ አንድ ነው፤ ሽለላን ከአፍ አውጥተው በሳክስፎን ላይ አዜሙት። ሽለላ ከበሮ የማይመራው፥ በልክ የማይሰፈር ቃል መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ሸላዩ ድምፁን ከታች አንሥቶ ይወጣል፤ ከላይ ደርሶ ያንቀጠቅጠዋል፤ ዘሩንና ጀግንነቱን ቈጥሮ ይወርዳል፤ እንደገና ይነጥቃል። የሙዚቃ ጓድ ሥርዓት ግን ሁሉ በልክ እንዲሄድ ያስገድዳል። አቶ ጌታቸው የተማሩትን ልክ ሳይጥሉ፥ ልክ የሌለውን የአባቶች ድምፅ በሸምበቆ ምላስ አናገሩት። ቃል የሌለበት ሽለላ ሆኖ ሳለ የሰማው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ቃሉን በልቡ ይሞላበታል። ቅኔ ዐዋቂ ይህን ሲሰማ ሰምና ወርቅ ትዝ ይለዋል፤ ሰሙ የፈረንጅ ነሐስ ነው፤ ወርቁ ግን የይፋት ነው። በመድረክም ላይ የአንበሳ ጎፈር በራሳቸው ደፍተው፥ ከአውሬ ቆዳ የተሠራ የጀግና ልብስ ተጐናጽፈው ይቆሙ ነበር። አለባበሱ ለትዕይንት ብቻ የሚመስለው ይኖራል፤ ነገር ግን ሽለላ የጀግና ቃል ነውና፥ ቃሉን ያነሣ ሰው ልብሱንም ማንሣቱ ሥርዓቱን መጠበቅ ነው።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራቸው በሸክላ ታተመ፤ የሸክላውም ስም የኢትዮጵያ ሳክስ ንጉሥ የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ዘመን ተለወጠ፤ ሸክላውም በጥቂት ሰዎች እጅ ቀረ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ የፈረንሳይ ሰው የኢትዮጵያን የቀድሞ ዜማዎች በተከታታይ ሲያሳትም 14ኛውን ክፍል ለእርሳቸው ሰጠው። በሚቀጥለው ዓመት ዘ ኤክስ የተባለ የሆላንድ የሙዚቃ ጓድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋበዛቸው። በ2006 ከዚሁ ጓድ ጋራ ሞዓ አንበሳ የተባለውን፥ በ2012ም የአንበሳው ትዝታ የተባለውን ሥራ አሳተሙ። በአውሮፓ የሰሟቸው ዐዋቂዎች ከአሜሪካ ነጻ የጃዝ ነፊዎች ጋራ አመሳሰሏቸው፤ ነገር ግን መነሻቸው የይፋት ሽለላ ነበር። የ70 ዓመት ሽማግሌ ሆነው በአውሮፓ አደባባይ ሲቆሙ፥ በይዞታቸው ወጣት፥ በቃላቸው ግን አባት ነበሩ። መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በ81 ዓመታቸው ዐረፉ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፤ በቤተ ክርስቲያናችን ከበሮና ጽናጽል የሚያርፉበት ወራት ነው።

አሁን ከአገራችን ወጥተን ስለ አንድ ሌላ ነፊ ጥቂት እንናገር፤ የጌታቸው ታሪክ ዋጋ በንጽጽር የበለጠ ይታያልና። በጀርመን አገር በማይኒንገን መስፍን ቤተ መንግሥት ሪኻርድ ሙልፈልድ የተባለ ሰው ነበር። በአውሮፓውያን ዘመን በ1856 ተወለደ፤ በ1873 በዚያ ቤተ መንግሥት ኦርኬስትራ የገባው ቫዮሊን መቺ ሆኖ ነበር። ቫዮሊን በደጋን የሚመታ መሆኑን ልብ በሉ፤ የመሰንቆ ዘመድ ማለት ነው። ሙልፈልድ ግን ክላርኔትን ያለ መምህር በራሱ ተማረ፤ በ1879ም የክላርኔት ነፊዎች አለቃ ሆነ። በባይሮይት በሚደረገው ታላቅ የቴአትርና የሙዚቃ በዓልም ከ1884 እስከ 1896 አገለገለ።

በዚያን ጊዜ ዮሐንስ ብራምስ የተባለው ታላቅ የዜማ ደራሲ አርጅቶ ነበር። በ1890 ለአሳታሚው ከእንግዲህ ወዲህ መድረስ ይበቃኛል ብሎ አስታወቀ። በ1891 ግን ወደ ማይኒንገን መጥቶ ሙልፈልድን ሰማው። ከሰማውም በኋላ ዝምታውን ትቶ በዚያው በጋ ሁለት፥ በ1894ም ሁለት ሌላ ድርሰቶች ለክላርኔት ጻፈ። የአንድ ኦርኬስትራ ነፊ ትንፋሽ ዝም ያለውን ደራሲ አናገረው። ብራምስ በ1897፥ ሙልፈልድም በ1907 ሞቱ። የሙልፈልድ ክላርኔቶች ዛሬ በማይኒንገን ሙዚየም ተጠብቀው ይታያሉ። ድምፁን ግን ማንም አልቀረጸውም፤ ዛሬ እርሱን የምናውቀው ብራምስ በወረቀት ላይ ስለ ጻፈለት ነው።

እንግዲህ ሁለቱን እናነጻጽር። ሁለቱም ከደጋን ተነሥተው ወደ ሸምበቆ የተሻገሩ ናቸው፤ ሙልፈልድ ከቫዮሊን፥ ጌታቸው ከመሰንቆ። ሁለቱም ዕድሜያቸውን በኦርኬስትራ ውስጥ ለመንግሥት በማገልገል የፈጸሙ ናቸው። ነገር ግን ለሙልፈልድ ደራሲ መጣለት፤ ለጌታቸው አልመጣላቸውም። ጌታቸው ያዜሙት ስሙ የማይታወቅ የአባቶች ድርሰት ነበር፤ ነፊውም ደራሲውም ራሳቸው ሆኑ። የሙልፈልድን ሙያ ወረቀት አቆየው፤ የጌታቸውን ሙያ ደግሞ ሸክላ አቆየው። በዚህ ዘንድ እድለኞች ናቸው። ከእነርሱ ጋራ በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው በክብር ዘበኛ፥ በምድር ጦር፥ በፖሊስ፥ በማዘጋጃ ቤት ለ30ና ለ40 ዓመት የነፉት ግን ወረቀትም ሸክላም የላቸውም።

በዚህ ቦታ ላይ ከካህናት ወገን አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ይህ ዘፈን ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ስለ ዘፈን ምን ይጽፋል? የሚል ነው። ተቃውሞው መሠረት የለውም አንልም። አባቶች መዝሙርን ከዘፈን የለዩት በምክንያት ነው፤ ያ ልዩነት እንዲቀር የሚሻ በመካከላችን የለም። ሳክስፎንም ወደ መቅደስ ይግባ የሚል ቃል ከእኛ አይወጣም። ነገር ግን አንድን ነገር መጻፍ ሌላ ነው፤ አንድን ነገር ወደ መቅደስ ማግባት ሌላ ነው። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል የጻፉት እነማን ናቸው? የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አይደሉምን? ጦርነቱን፥ ግብሩን፥ አደኑን፥ የሸፈተውን፥ የተማረከውን ሁሉ ጽፈው አስቀርተውልናል፤ ይህን ስለ ጻፉ ግን ጦረኞችና አዳኞች አልሆኑም። ሊቅ የሕዝቡ መዝገብ ነው፤ መዝገብም የሚወደውን ብቻ አይመዘግብም።

ሁለተኛም በኦርኬስትራ ውስጥ ያለውን ትምህርት የተመለከተ ሰው ከእኛ ትምህርት ቤት ጋራ የሚመሳሰል ብዙ ነገር ያገኝበታል። የዜማ ተማሪ መጀመሪያ በጆሮው ይይዛል፤ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ያጠናል፤ ኋላ ምልክቱን ይማራል። ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም ግዕዝን፥ ዕዝልን፥ አራራይን ሲያዜም ምልክት አልጻፈም፤ ዜማው ለብዙ ዘመን በመምህራን ጆሮና ጉሮሮ ኖረ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ግን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል። ያ ዘመን የግራኝ ጦር አልፎ መጻሕፍቱ የተቃጠሉበት፥ ሊቃውንቱ ያለቁበት ዘመን ነው። ሁለቱ ሊቃውንት ጆሮ ብቻውን እንደማይበቃ፥ ሰው ሲያልቅ ዜማውም እንደሚያልቅ በዐይናቸው አዩ፤ ስለዚህ ድምፅን በፊደል አሰሩት። ምልክትን የወለደው ጥበብ ብቻ አይደለም፤ ከመጥፋት የተነሣ ፍርሀትም ነው።

ያን ፍርሀት ዛሬ ልንፈራ ይገባናል። የሽለላው ሰው እያረጀ ነው። በመንዝ በማማም፥ በላሎም፥ በጌራም ከአርበኞች አፍ የሰሙ ሽማግሌዎች ከዓመት ወደ ዓመት እያነሱ ይሄዳሉ። በርኖስ ሠሪው ሱፍ ሲያባዝት፥ እረኛው በጓሳ ሜዳ በጎቹን ሲያሰማራ የሚያዜመው ዜማ ሳይጻፍ ያልፋል። ወደ ከተማ የሄደው ልጅ ደግሞ የሰው አገር ዜማ ሰምቶ ይመለሳል እንጂ የአያቱን አይጠይቅም። ጌታቸው ከይፋት ሲወጡ ሽለላው በጆሮአቸው ነበረ፤ ስለዚህ ሳክስፎኑን ሲያገኙ የሚናገሩበት ቃል አላጡም። ነገ ከመሐል ሜዳ የሚወጣው ልጅ ግን ባዶ ጆሮ ይዞ ከወጣ፥ ክላርኔትም ቢሰጠው፥ ኦርኬስትራም ቢከፈትለት፥ የሌላ ሰው ቃል አቀባይ ከመሆን አያልፍም። መጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ መሣሪያ ቃልን አይውጥም፤ የሚዋጠው ቃል የሌለው ሰው ነው።

ይህም ሊደረግ የማይቻል ሥራ አይደለም፤ በአገራችን ልጅ ተጀምሮ ታይቷልና። ዶክተር አሸናፊ ከበደ፥ የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው አለቃ የነበሩት፥ እረኛው ዋሽንተኛ የተባለውን ድርሰት ለኦርኬስትራ ጽፈዋል፤ የሐንጋሪያ ኦርኬስትራም በእርሳቸው መሪነት አዚሞታል። ኮቱራሲያ በተባለው ሌላ ድርሰታቸውም ክላርኔትን ከጃፓን አገር ባለ አውታር መሣሪያ ጋራ አስማምተዋል። እርሳቸው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1998 ዐረፉ፤ የጻፉት ወረቀት ግን ቀርቷል። ብራምስ ለሙልፈልድ ያደረገውን አሸናፊ ለእረኛው አደረጉለት። ሽለላው ግን እስከ ዛሬ ደራሲውን ይጠብቃል።

ስለዚህ ለካህናትና ለከተማው ምሁራን የምናቀርበው ልመና አጭር ነው። በየደብሩ የቅኔና የዜማ ተማሪዎች አሉ፤ ጆሮአቸው የሠለጠነ፥ ብዕራቸው የቀና ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በአገሩ ካለ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ይቀመጥ፤ ሽለላውንና ቀረርቶውን በቃሉ ይጻፍ፤ ያለው ማን እንደ ሆነ፥ ከማን እንደ ሰማው፥ በየት አገርና በየትኛው ዓመት እንደ ተነገረ አብሮ ይመዝግብ። ድምፁን ደግሞ ዛሬ በሰው ሁሉ እጅ ያለው ስልክ ይቀርጸዋል። በከተማ ያሉት ደግሞ ጡረታ የወጡትን የሙዚቃ ጓድ አባሎች ይፈልጉ፤ በየትኛው ጓድ፥ በየትኛው ዓመት፥ በማን መምህርነት ምን መሣሪያ እንደ ነፉ ጠይቀው ይጻፉ። ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት መታሰቢያ የሙታንን ስም በመዝገብ ትይዛለች፤ አገርም ለሙያ መታሰቢያ እንዲሁ መዝገብ ያስፈልጋታል።

በአንድ አባት ቤት የተወለዱት ሦስት ሙያዎች በመጽሐፍ ላይ ተርታ ይዘው ተጽፈዋል፤ ሙሴ አንዱን ለይቶ አላስቀረም። እኛም ስንጽፍ አንለይ። ከይፋት ገደል ሥር የተነሣው ልጅ መሰንቆውን ይዞ ወጣ፤ ሸምበቆ ተማረ፤ በሸምበቆውም ለይፋት ተናገረ። ይህ የአንድ ሰው የሙያ ሕይወት ነው፤ ለተከታዮቹም መንገድ ነው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፤ እኛንም የሰማነውን የምንጽፍ፥ የጻፍነውንም የምናስተምር ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።